ያቺ ብርቱካንማ ቀለበት፦ ፎቶ ናት ወይስ ሥዕል? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ ጥቁር ጉድጓድ፣ ብዙዎቻችሁ ብላክ ሆል ስለምትሉት ነገር፣ ሁለት አንቀጽ ጽፈን ከጎኑ ያቺን ብርቱካንማ ቀለበት፣ የጥቁር ጉድጓድ የመጀመሪያ ምስል የሆነችውን፣ አትመን ነበር። ጽሑፉን ማን እንዳነበበው እንጃ። ምስሏን ግን ሁላችሁም አይታችኋል፤ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ እሷ ነው። ግማሹ ተገርሞ ነው የጻፈው፣ ግማሹ ተጠራጥሮ፣ አንድ አንባቢ ደግሞ «አታሞኙን» ብሎ በአንድ ቃል ጨርሷል። ለእሱም መልስ አለኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

«ብርሃን እንኳ አያመልጠውም ብላችሁ ጻፋችሁ። ብርሃን ካላወጣ ታዲያ ምኑን ነው ያነሱት?»
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ

ጎበዝ! ጉድጓዱን ራሱን ማንም አላነሳውም። የተነሳው ጥላው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ እጅግ የጋለ ጋዝ ይሽከረከራል። ይህ ጋዝ ያበራል፤ በዓይን በሚታይ ብርሃን ብቻ ሳይሆን በሬዲዮ ሞገድም ጭምር። ከዚያ ብርሃን ወደ ጉድጓዱ በጣም የተጠጋው ተውጦ ይቀራል። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለፈው ደግሞ አይዋጥም፤ ግን ስበቱ መንገዱን ያጣምመዋል፣ አንዳንዱም ጉድጓዱን ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ ከሩቅ ለሚያይ ሰው መሃሉ ጨለማ፣ ዙሪያው ብሩህ ቀለበት ይሆናል ማለት ነው። ጨለማው ከጉድጓዱ ትክክለኛ ወሰን (ከዚያ ያለፈ ብርሃን ከማይመለስበት መስመር) በግምት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ወሰኑን ሳይነካ አጠገቡ ብቻ ያለፈውም ብርሃን ተጎትቶ ይገባል።

ይህ ደግሞ ፎቶው ከወጣ በኋላ የተፈጠረ ማብራሪያ እንዳይመስልህ። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዣን ፒየር ሉሚኔ በ1979 መልኩ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር አስልቶ፣ ነጥብ በነጥብ በእጁ ስሎ አሳይቶ ነበር። በ2000 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሃይኖ ፋልክ፣ ፉልቪዮ ሜሊያና ኤሪክ አጎል ይህ ጥላ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ሊታይ ይችላል ብለው ጻፉ። ፎቶው የወጣው ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። በእነሱ ኤፕሪል 10 ቀን 2019 መሆኑ ነው።

ምስሏን እንደገና ብታያት ከታች በኩል ደመቅ ትላለች። የህትመት ችግር አይደለም። በዚያ በኩል ያለው ጋዝ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ወደ እኛ አቅጣጫ እየመጣ ስለሆነ ነው ደምቆ የሚታየው፤ የሚርቀው ወገን ደብዘዝ ይላል።

«እኔ ሥራዬ ዲሽ መስቀል ነው፣ 14 ዓመት ሆኖኛል። አንዱን ዲሽ አሜሪካ፣ ሌላውን ስፔን ተክሎ እንደ አንድ ዲሽ መጠቀም የምትሉት ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ኬብሉስ የታል?»
ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ

ወንድሜ፣ ከዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ያንተን ነው። ሰፋ አድርጌ ብመልስ አትቆጣኝ።

ትልቅ ዲሽ ከትንሽ ዲሽ ለምን እንደሚሻል አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። አንደኛ ብዙ ሲግናል ይሰበስባል። ሁለተኛ ደግሞ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሳተላይቶችን ለይቶ ያያል፤ ትንሹ ዲሽ ግን ያምታታቸዋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው፣ ለይቶ ማየት። የዲሽ የመለየት ችሎታ በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በዲሹ ስፋትና በሞገዱ ርዝመት። ዲሹ በሰፋ ቁጥር፣ ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው።

አሁን የሚፈለገውን እንይ። ኤም 87 የምትባለው ጋላክሲ ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች። መሃሏ ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ክብደቱ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን ጊዜ ያህላል፤ ወሰኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 40 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ኔፕቱን ፀሐይን የምትዞርበትን ክብ አራቱን ደርድረህ ብታስገባው ይበቃዋል። ይህን የሚያህል ነገር ከዚያ ርቀት ሆኖ ሲታይ ግን ቀለበቱ በሙሉ ጨረቃ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሲኒ አፏ እንደሚታየን ያህል ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ሰፋ ይላል። ከዚህ፣ ከመርካቶ ሆነህ፣ ጨረቃ ላይ ያለች ሲኒ!

አንተ የምትሰቅለው ዲሽ የሚቀበለው 11 እና 12 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ሞገዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። እነሱ የተጠቀሙት 230 ጊጋ ኸርዝ ነው፣ 1.3 ሚሊ ሜትር። በዚያ አጭር ሞገድ እንኳ ሲኒዋን ለማየት ስንት ሜትር ዲሽ ያስፈልጋል መሰለህ? የመሬትን ያህል፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ። እሱን የሚሰቅል ሰው የለም፣ አንተም ብትሆን።

ታዲያ ምን አደረጉ? ዲሹን ሙሉውን መሥራት ትተው ቁርጥራጩን ብቻ ተከሉ።

ዲሽ ለምን ጎድጓዳ እንደሆነ አስብ። ከላይ የሚመጣው ሞገድ በየትኛውም የዲሹ ክፍል ቢያርፍ ነጥሮ ኤልኤንቢው ጋ (ዲሹ ፊት ያለችው ተቀባይ ጋ) እኩል እንዲደርስና እንዲደመር ነው። የጎድጓዳው ቅርጽ ሥራው ያ ብቻ ነው፣ ማሰባሰብና መደመር። እንግዲህ የዲሹ ቁራጭ አንዱ ሜክሲኮ፣ ሌላው ስፔን ከሆነ ድምሩን የሚሠራ ጎድጓዳ ብረት የለም። ግን ሞገዱ እያንዳንዱ ቦታ የደረሰበትን ሰዓት በትክክል ካወቅህ ድምሩን በኋላ በኮምፒውተር መሥራት ትችላለህ። ስለዚህ «ኬብሉስ የታል?» ላልከው መልሱ፦ ኬብሉ ሰዓት ነው። ሰዓትና ሃርድ ዲስክ።

ሰዓት ስልህ የእጅ ሰዓት አይደለም። በየጣቢያው ሃይድሮጅን ሜዘር የሚባል የአቶም ሰዓት አለ፤ በ10 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንዲት ሴኮንድ እንኳ አይዛነፍም። እያንዳንዱ ቴሌስኮፕ የተቀበለውን ሞገድ ከሰዓቱ ጋር እያያያዘ በሴኮንድ 32 ጊጋ ቢት ይቀዳል።

ኢቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ የተባለው ቡድን ይህን ያደረገው በኤፕሪል 2017 ነበር፣ በስምንት ቴሌስኮፖች። ቺሊ አታካማ በረሃ ላይ ሁለት፣ አልማና አፔክስ። ሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ሁለት። አንድ አሪዞና፣ አንድ ሜክሲኮ፣ አንድ ስፔን፣ አንድ ደግሞ ደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ። ሁሉም ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ላይ ነው ያሉት፤ አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ይህን ሞገድ ስለሚውጠው ነው። አልማ ያለበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር ነው፣ ሰው ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ። ትልቁ ጣጣ ደግሞ ሰማዩ በሁሉም ቦታ በአንድ ሌሊት ጥሩ መሆን አለበት፤ አሪዞና ደመና፣ ሜክሲኮ ነጎድጓድ ከሆነ አይሆንም። ተሳካላቸውና ኤም 87ን ኤፕሪል 5፣ 6፣ 10 እና 11 አዩት። ከደቡብ ዋልታ ኤም 87 ፈጽሞ አይታይም፣ መሬት ራሷ ትጋርደዋለች፤ ስለዚህ ለእሱ የሠሩት ሰባቱ ናቸው።

ከዚያ የተቀዳው ወደ 5 ፔታ ባይት፣ ማለትም 5 ሚሊዮን ጊጋ ባይት፣ ደረሰ። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት በሚጭን መስመር፣ ያውም ሳይቆራረጥ፣ በኢንተርኔት ልላከው ብትል ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅብሃል። እነሱ ግን ሃርድ ዲስኮቹን፣ ግማሽ ቶን የሚመዝኑትን፣ በሣጥን አሽገው በአውሮፕላን ላኩ። ግማሹ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው ሄይስታክ፣ ግማሹ ጀርመን ቦን ወደሚገኘው ማክስ ፕላንክ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተቋም። የደቡብ ዋልታው ብቻ ቀረ። እዚያ ክረምት ሲገባ አውሮፕላን አያርፍም፣ ዲስኮቹ ወራት ተቀምጠው በዲሴምበር ነው የደረሱት። (እኔ የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ የያዘ ሃርድ ዲስክ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሳዘዋውር ጥዬ ሰብሬዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ከደቡብ ዋልታ አምጥተዋል።)

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ቴሌስኮፖቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ቅጂያቸውን ያስተያያል። ሰባት ቴሌስኮፕ 21 ጥንድ ይሰጣል። እያንዳንዱ ጥንድ ስለ ምስሉ አንዲት ቅንጣት መረጃ ብቻ ነው የሚነግርህ። መሬት ስትዞር ግን የጥንዶቹ አቀማመጥ ከሰማዩ አንጻር ይቀያየራል፣ ሌሊቱን በሙሉ አዲስ አዲስ ቅንጣት ይጨመራል። ዲሹን አንተ ማንቀሳቀስ ሳያስፈልግህ መሬት ራሷ እያዞረች ትሞላልሃለች ማለት ነው። ቢሆንም ያልተሞላው ከተሞላው እጅግ ይበልጣል። ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚወስደንም ይኸው ነው።

«ለ31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የጎደለውን ኮምፒውተር ሞላው ካላችሁ ያ ፎቶ ሳይሆን ሥዕል ነው። ተማሪ የማያውቀውን በግምት ሲሞላ እኔ ዜሮ ነበር የምሰጠው።»
ከጎንደር

ጋሼ፣ ጥርጣሬዎ የተገባ ነው። ሥራውን የሠሩት ሰዎችም ከእርስዎ የማይተናነስ ፍርሃት ነበረባቸው።

እርስዎ ባሉበት አገር ብራና ብርቅ አይደለምና በእሱ ልንገርዎ። አይጥ የበላችው ብራና አለ እንበል። ከገጹ ግማሹ ፊደል የለም። ሁለት ሊቃውንት አንድ ላይ ተቀምጠው ቢሞሉት አንደኛው የተናገረውን ሌላው ይቀበልና ስሕተቱ አንድ ይሆናል። ለየብቻ በተለያየ ክፍል ዘግተው ቢያስቀምጧቸውና ከቀናት በኋላ ሁለቱም አንድ ዓይነት ንባብ ይዘው ቢወጡስ? ያን ጊዜ ንባቡ ከብራናው የመጣ እንጂ ከሊቁ ጭንቅላት የመጣ አይደለም ማለት ይጀምራል ሰው።

በ2018፣ በእኛ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ምስል ሠሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ፣ መረጃው ለአራቱም ተሰጠ፣ እርስ በርስ መነጋገር ተከለከለ። ከሳምንታት በኋላ ማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ተሰብስበው ያገኙትን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት አራቱም ቀለበት ነው። አራቱም ከታች በኩል ደመቅ ያለ።

በዚህም አልረኩም። የውሸት መረጃ ፈጠሩ፦ አንዱ የቀለበት፣ አንዱ የግማሽ ጨረቃ፣ አንዱ መሃሉ ያልተቦረቦረ ድፍን ክብ፣ ሌላው ሁለት የተለያዩ ነጠብጣቦች። ፕሮግራሙ ድፍኑን ክብ ሰጥተውት ቀለበት ካወጣ፣ ያ አሠራር ወደቀ። ልክ እርስዎ መልሱን እያወቁት ተማሪውን እንደሚጠይቁት። በዚህ ፈተና ያለፉት አሠራሮች ብቻ ናቸው በትክክለኛው መረጃ ላይ የዋሉት፣ የመጨረሻው ምስልም የእነሱ አማካይ ነው። እንግዲህ ዜሮው ይነሳልኝ እላለሁ፤ ቢያንስ 80 ይገባቸዋል።

100 ያላልኩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀለሙ። ብርቱካንማው በሰው የተመረጠ ነው፤ 1.3 ሚሊ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ለዓይን ቀለም የለውም። የብርሃኑ ማነስና መብዛት ብቻ ነው እውነተኛው። አረንጓዴ ቢያደርጉትም ውሸት አይሆንም ነበር፣ ማማሩን እንጃ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሁሉም ሰው አልተስማማም። የጃፓኑ ማኮቶ ሚዮሺና ባልደረቦቹ ለሁሉም ክፍት የተደረገውን ያንኑ መረጃ ወስደው በራሳቸው መንገድ ሠርተው ሌላ ቅርጽ አገኘን ብለዋል፣ በ2022 ስለ ኤም 87፣ በ2024 ደግሞ ስለ እኛው ጋላክሲ ጉድጓድ። ቡድኑ አሠራራቸው ላይ ስሕተት አለ ብሎ መልስ ሰጥቷል። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ሌላ ነገር ነው፦ በ2018 ግሪንላንድ ላይ ያለ አዲስ ቴሌስኮፕ ተጨምሮ እንደገና ታየ፣ ውጤቱም በጃንዋሪ 2024 ወጣ። ቀለበቱ ያው ነው፣ ስፋቱም ያው። የተለወጠው የደመቀው ቦታ ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ዞሯል። ጋዙ ይንቀሳቀሳል፣ ጉድጓዱ ግን አይለወጥም፤ ከአንስታይን ስሌት የሚጠበቀውም ይኸው ነበር።

«ያቺ ኮምፒውተሩ ፊት አፏን ይዛ የተነሳችው ልጅ ናት አይደል ብቻዋን የሠራችው?»
ከአዳማ

ኬቲ ባውማንን ነው የምትዪው። ብቻዋን አይደለችም፣ ራሷም ወዲያው ይህንኑ ተናግራለች። በሥራው ከ200 በላይ ተመራማሪዎች ነበሩበት፤ እሷ ምስል ከሚያወጡትና ከሚፈትኑት መሪዎች አንዷ ነበረች። ያ ፎቶ ከተሠራጨ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሊያሳንሷት የተነሱትም ብዙ ነበሩ። ሁለቱም ወገን ያበዛው ይመስለኛል።

«የራሳችን ጋላክሲ ጉድጓድ እያለ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት መሄድ ምን አመጣው? ሲቀርብ አይቀልም?»
ከሐዋሳ

ሁለቱንም በዚያው ሳምንት አይተዋቸዋል። የእኛው ሳጂታሪየስ ኤ ኮከብ ይባላል (ስሙ ነው እንጂ ኮከብ አይደለም)፣ በፍኖተ ሐሊብ መሃል 27,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከሰማይ ላይ ሲታይ ስፋቱ ከኤም 87ቱ ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ፎቶው ግን ከሦስት ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በእኛ፣ ነው የወጣው።

ያስቸገረው ትንሽነቱ ነው። ክብደቱ የፀሐይን 4 ሚሊዮን ጊዜ ብቻ ነው፣ የኤም 87 ጉድጓድ ከ1,500 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ትልቁን ጋዙ ለመዞር ቀናትና ሳምንታት ይፈጅበታል፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ብታየው እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። የእኛውን ግን ጋዙ በደቂቃዎች ነው የሚዞረው። እንዝርት በሉት። ቀድተህ ሳትጨርስ መልኩ ተቀይሯል። ከዚያ ላይ ደግሞ በእኛና በእሱ መካከል ያለው የጋላክሲው ጋዝ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ሠርተው አማካዩን ነው ያወጡት። በቀለበቱ ላይ የምታያቸው ሦስት ብሩህ እብጠቶች እዚያው ቦታ ስለመኖራቸው ራሳቸው ሠሪዎቹ አይምሉም።

እዚያ ጉድጓድ መኖሩ ግን ከፎቶው በፊትም ይታወቅ ነበር። ራይንሃርድ ጌንዜልና አንድሪያ ጌዝ በየፊናቸው ከዋክብት በዚያ በማይታይ ነገር ዙሪያ ሲዞሩ ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው በ2020 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከሮጀር ፔንሮዝ ጋር ተካፍለዋል። ከከዋክብቱ አንዷ በ16 ዓመት ነው የምትዞረው።

አዎ፣ በዚያው ደብዳቤ «ይውጠን ይሆን?» ብለሃል። አይውጠንም። እንቅልፍህን ተኛ።

«እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ አለን። ለምን እኛም አንገባበትም?»
ከአዲስ አበባ

የእንጦጦዎቹ ሁለት ቴሌስኮፖች በዓይን ለሚታይ ብርሃን የተሠሩ ናቸው፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው። የሬዲዮ ሞገድ አይቀበሉም። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ከአሪዞናው ጋር እኩል ነው ትይኝ ይሆናል፣ እውነትሽን ነው፤ ግን ከፍታ ብቻ አይበቃም። ደረቅ አየር ይፈልጋል፣ የሐምሌን እንጦጦ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ከአፍሪካ ተራው የናሚቢያ ይመስላል። ጋምስበርግ የሚባል አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ ላይ የአፍሪካ ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ለመትከል የናሚቢያ ዩኒቨርሲቲና የኔዘርላንዱ ራድቡድ ዩኒቨርሲቲ አብረው እየሠሩ ነው። የዓለም ካርታ ብታዪ ምክንያቱ ይገባሻል፦ ከ2017ቱ ስምንት ቴሌስኮፖች አፍሪካ ላይ አንድም የለም። በዚህ በኩል ያለው የዲሹ ክፍል ባዶ ነው። የእኛን ጋላክሲ መሃል ለማየት ደግሞ ከደቡብ በኩል ያለ ጣቢያ በጣም ይጠቅማል።

ቦታ ስለተረፈኝ ወደ መርካቶው ወንድሜ ልመለስ። በደብዳቤው ግርጌ «በተራ ዲሽ ከሰማይ የሚያዝ ነገር አለ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥቁር ጉድጓድ አይያዝም፣ ፀሐይ ግን ትያዛለች። ሲግናል መለኪያህን ኤልኤንቢው ላይ ሰክተህ ዲሹን ባዶ ሰማይ ላይ አዙረው፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ወደ ፀሐይ አምጣው፤ መለኪያው ከፍ ይላል። ያ የፀሐይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በዓይንህ ፀሐይዋን አትይ፤ መለኪያውን ብቻ እያየህ አስተካክል። ዲሹ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ተወው፣ ኤልኤንቢውን ያቀልጥብሃል። እንዲያውም ሳታውቀው አይተኸው ይሆናል፦ በመጋቢት መጀመሪያና በመስከረም አጋማሽ፣ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ለደቂቃዎች ስርጭቱ ይበላሻል። ደንበኛ ደውሎ «ዲሹን በደንብ አልሰቀልከውም» ካለህ፣ ሰዓቱን ጠይቀው።